ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ብርሃን ምንነት የተደረገው ክርክር ለዘመናት የዘለቀ ነው። ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ግን የክርክሩን ታሪክ በሙሉ ሳይሆን፣ ክርክሩ እልባት ያገኘባቸውን ጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው። በእኔ እምነት እነዚህን አጋጣሚዎች አንድ የሚያደርጋቸው፣ ተፎካካሪ ሐሳቦች ሊለካ ስለሚችል አንድ ነገር የተለያየ መልስ የሰጡባቸው መሆናቸው ነው፤ ዳኛውም የተናጋሪው ዝና ሳይሆን ልኬቱ ሆነ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ብርሃን ከቦታ ቦታ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል ወይስ ወዲያውኑ ይደርሳል የሚለው ነበር። እንደ ዴካርት ያሉ ታላላቅ አሳቢዎች ወዲያውኑ ይደርሳል ብለው ያምኑ ነበር። በ1676 ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር አዮ በተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ላይ የተደረጉ ምልከታዎችን ሲመረምር፣ ምድር ከጁፒተር እየራቀች በምትሄድባቸው ወራት የአዮ ግርዶሽ ከተሰላለት ሰዓት እየዘገየ፣ እየቀረበች በምትመጣባቸው ወራት ደግሞ እየቀደመ እንደሚታይ አስተዋለ። አዮ ጉዞዋን አላዛባችም፤ የሚረዝመውና የሚያጥረው ብርሃኗ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ነበር። ዛሬ የብርሃን ፍጥነት በባዶ ጠፈር በሰከንድ 299,792,458 ሜትር መሆኑ ታውቋል፤ እንዲያውም ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። በዚህ ፍጥነት እየተጓዘም የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ አዘንብሎ ሲገባ አቅጣጫውን እንደሚቀይር፣ ማለትም እንደሚሰበር፣ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ለምን ይሰበራል ለሚለው ግን ሁለት መልሶች ነበሩ። አይዛክ ኒውተን ብርሃን የጥቃቅን አካላት ፍሰት እንደሆነ በማሰብ፣ ውሃው እነዚህን አካላት ወደ ራሱ ስለሚስባቸው ይታጠፋሉ፣ በመሳቡም ምክንያት ይፈጥናሉ አለ። ክርስቲያን ሃይገንስ ግን ብርሃን ሞገድ ነው ይል ነበር፤ ሞገዱ አዘንብሎ ሲደርስ ቀድሞ ውሃ የነካው ጫፉ ሲዘገይ፣ ገና አየር ውስጥ ያለው ሌላው ጫፍ በቀድሞ ፍጥነቱ ስለሚቀጥል፣ የሞገዱ ግንባር ይዞራል። ሁለቱም መልሶች ስብረትን በትክክል ያስረዳሉ፤ በዓይን በሚታየው መታጠፍ ብቻ አሸናፊውን መለየት አይቻልም። ልዩነታቸው ፍጥነት ላይ ነው፤ በአንደኛው መልስ ብርሃን ውሃ ውስጥ ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል።

ይህን ለመለካት የሚያስችል መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ1850 ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ በፍጥነት በሚሽከረከር መስታወት አማካኝነት በአየርና በውሃ ውስጥ የሚያልፉትን ጨረሮች ሲያነጻጽር፣ ውሃ ውስጥ ያለፈው ዘግይቶ ደረሰ። ዛሬ በውሃ ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአልማዝ ውስጥ ደግሞ 124,000 ገደማ መሆኑን እናውቃለን። በብርጭቆ ውስጥ ሐምራዊው ብርሃን ከቀዩ በጥቂቱ ይበልጥ ስለሚዘገይ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ፕሪዝም ነጩን ብርሃን በቀለማት የሚዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለማቱ ከብርጭቆው የሚመጡ ሳይሆኑ ቀድሞውኑ በነጩ ብርሃን ውስጥ የነበሩ መሆናቸውን ያሳየው፣ በዚህኛው ክርክር የተረታው ኒውተን ራሱ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከፉኮ በፊትም ቢሆን እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ ከአንድ ምንጭ ወጥቶ ለሁለት የተከፈለ ብርሃን እንደገና ሲገናኝ ብሩህና ጨለማ መስመሮችን እየፈራረቀ እንደሚሠራ አሳይቶ ነበር። ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ይሆናል ማለት ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይሰራረዛሉ፣ ጨለማው ቦታ ላይ የጎደለውም ጉልበት ብሩሁ መስመር ላይ ይገኛል። በ1860ዎቹ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይህ ሞገድ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች ሞገድ መሆኑን በስሌት ደረሰበት፤ ዓይናችን የሚያየውም ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮኖችን ሲያስለቅቅ የታየው ነገር ከሞገድ ሐሳብ ጋር አልገጥም አለ። ድግግሞሹ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ብርሃን ምንም ያህል ቢደምቅ አንድም ኤሌክትሮን አያስለቅቅም፤ ከዚያ ልክ በላይ የሆነው ግን እጅግ ደካማ ቢሆንም ያስለቅቃል። አልበርት አይንስታይን በ1905 የሰጠው ማብራሪያ፣ የብርሃን ጉልበት የሚተላለፈው በድግግሞሹ መጠን በሚወሰን እሽግ በእሽግ ነው የሚል ነው፤ የ1921 የኖቤል ሽልማቱም ከምንም በላይ በዚህ ሥራው ምክንያት የተሰጠው ነው። እነዚህን እሽጎች ዛሬ ፎቶን እንላቸዋለን።

ታዲያ ኒውተን በመጨረሻ ረታ ማለት ነው? አይደለም፤ ፎቶን ውሃ ውስጥ እየፈጠነ የሚገባ ጥቃቅን አካል አይደለም፣ የያንግ መስመሮችም አልጠፉም። ጄፍሪ ቴይለር በ1909 ብርሃንን እጅግ አዳክሞ በፎቶግራፍ ፕሌት ላይ ለወራት ያህል ሲያሳርፈው፣ መስመሮቹ እንደ ደማቁ ብርሃን ጥርት ብለው ወጡ። በኋላ ዘመን በተሠሩ መሣሪያዎች ፎቶኖችን አንድ በአንድ በመልቀቅ ሲሞከርም፣ እያንዳንዱ ፎቶን አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ያርፋል። ነጥቡ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲጠራቀሙ ግን ሥርጭታቸው የሞገዱ ስሌት አስቀድሞ ከሚሰጠው ጋር ይገጥማል።