ከቅበላና ከቅጥር በኋላ፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

እንኳን ወደ ጎንደር በደህና መጣችሁ። የዘንድሮው መነጋገሪያችን በከፍተኛ ትምህርት ቅበላና በሥራ ቅጥር ላይ እውነተኛ ብዝኃነትን ስለማስፈን ነው።

ይህች ከተማ በጉዳዩ ላይ የራሷ ታሪክ አላት። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞችም ለእጅ ሥራቸው እየተፈለጉ ብዙዎቹ ግን ርስት ተነፍገው ኖሩ። ንግዱም ግንባታውም ያለ እነርሱ አይሆንም ነበር፤ ከሚወስኑት መካከል ግን አልተቆጠሩም።

ሕጋችን ዛሬ ከዚያ እጅግ ርቋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከደረሰባቸው የመድልዎ ታሪክ የተነሣ በድጋፍ እርምጃዎች እንዲጠቀሙ መብት ሰጥቷቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ የሚሰጥበትን መንገድ ደንግጎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ከማስገደዱም በላይ፣ አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ለሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳቱን ሸክም ከላዩ አንሥቶ በአሠሪው ላይ ይጥለዋል። ይህን ድንጋጌ ስንቶቻችን በሥራ ላይ አውለነዋል?

በዩኒቨርሲቲ በኩል፣ ለድጋፍ ሲባል የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማለቱ ተማሪውን ከግቢው በር ያደርሰዋል። ዓይነ ስውሩ መጽሐፉን በብሬይል ወይም በድምፅ ካላገኘ፣ መስማት የተሳናት ተማሪ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌላት፣ ከሩቅ ገጠር የመጣው ልጅ በእንግሊዝኛ ትምህርቱ የሚደግፈው ካጣ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ በውጤት ማነስ ይሰናበታሉ፤ የቅበላው ሪፖርት ግን በስኬት እንደተመዘገበ ይቀራል።

እዚሁ ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን (የአካባቢ ንጽሕና) ባለሙያውን በአንድ ቡድን ያሠለጥን ነበር። አንዱ የሌላውን ሙያ ካልጠየቀ ሥራው አይሄድም ነበር። እኔ የምመኘው የሰው ስብጥር እንዲህ ያለው ነው፤ የእያንዳንዱ ዕውቀት ለውሳኔው የሚፈለግበት።

በቅጥር በኩል ብዙ አልልም፤ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን፣ ወንዶች ብቻ የተሰየሙበት የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ስለ ትዳሯና ስለ ልጆቿ ሲጠይቃት ዝም የምንል መሆናችንን ሁላችንም እናውቃለን። ብዝኃነት ብቃትን ይጎዳል የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ሊደመጥ ይገባል፤ ሆኖም ብቃትን አብዝቶ የሚጎዳው በዘመድና በትውውቅ የሚፈጸም ቅጥር መሆኑን አብረው ቢያነሡት እወዳለሁ።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት እያንዳንዱ ተቋም የቀጠራቸውን ብቻ ሳይሆን በሥራቸው የቆዩትን፣ ዕድገት ያገኙትንና ለቅቀው የሄዱትን፣ እንዲሁም በቅጥር ኮሚቴው የሚሰየሙትን ለይቶ እንዲያቀርብ በማኅበሩ ስም እጠይቃለሁ። ዓመታዊ ጉባኤያችን በዚሁ በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።