የቻይና ልጆች ፊደላቸውን በእጅ መጻፍ የሚማሩት እንዴት ነው?

[ምስል፦ የአንደኛ ክፍል የጽሕፈት ደብተር]

በቻይና አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚይዘው የጽሕፈት ደብተር በትንንሽ ካሬዎች የተሞላ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ በአንድ አግድምና በአንድ ቁም የነጠብጣብ መስመር ለአራት ተከፍሏል። በየካሬው አንድ ፊደል ይጻፋል፤ ፊደሉ ሁለት ጭረት ቢኖረውም ሃያ ቢኖረው የሚሰጠው ቦታ እኩል ነው። ልጁ የትኛው ጭረት ከመካከለኛው መስመር በላይ እንደሚያርፍና የትኛው መስመሩን እንደሚያቋርጥ እያስተዋለ ይጽፋል።

እያንዳንዱ ጭረት የራሱ ስም አለው። አግድሙ ኸንግ፣ ቁሙ ሹ፣ ወደ ግራ የሚወርደው ፒዬ፣ ወደ ቀኝ የሚወርደው ና፣ ነጥቡ ደግሞ ዲየን ይባላል። መምህሯ በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ተማሪዎቹ ጣታቸውን አንሥተው በአየር ላይ አብረዋት ይጽፋሉ፤ የየጭረቱንም ስም በአንድ ድምፅ ይጠራሉ።

[ምስል፦ «ጉዎ» የተባለው ፊደል ጭረት በጭረት ሲጻፍ]

ጭረቶቹ የሚጻፉት በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አግድምና ቁም ሲቋረጡ በአብዛኛው አግድሙ ቀድሞ። «አገር» ማለት የሆነውን፣ ጉዎ ተብሎ የሚነበበውን ባለ 8 ጭረት ፊደል እንመልከት። ልጁ በመጀመሪያ የግራውን ቁም ያወርዳል፤ ቀጥሎ የላይኛውን አግድምና የቀኙን ቁም እርሳሱን ሳያነሣ በአንድ ጭረት ይስላል፤ ከዚያም ውስጡን በአምስት ጭረቶች ሞልቶ በመጨረሻ የታችኛውን አግድም በመሳብ ፊደሉን ይዘጋዋል። የታችኛውን አስቀድሞ የዘጋ ልጅ፣ ፊደሉ ሲያዩት ትክክል ቢመስልም፣ መምህሯ እንደገና እንዲጽፈው ታደርገዋለች።

ይህ ጥብቅነት ከልክ ያለፈ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አለው። ቅደም ተከተሉ ሳይለዋወጥ ሲደጋገም ፊደሉ በእጅ ትውስታ ውስጥ እንደ አንድ እንቅስቃሴ ይቀመጣል። አጻጻፉ የጠፋበት ቻይናዊ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ በጣቱ መዳፉ ላይ እየጻፈ ለማስታወስ የሚሞክረውም ለዚህ ነው። በፍጥነት ሲጻፍ ጭረቶቹ ስለሚያያዙ፣ ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ጽሕፈት ለሌላ ሰው ለማንበብ ያስቸግራል።

በሺህ የሚቆጠሩ ፊደላትን መማር የሚቻለው ግን አብዛኞቹ ከሚደጋገሙ ክፍሎች የተገነቡ በመሆናቸው ነው። «እናት» የሚለው ፊደል በግራው ሴትን፣ በቀኙ ፈረስን የሚያመለክቱ ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ስለ ትርጉሙ፣ ሁለተኛው ማ ስለሚለው ንባብ ፍንጭ ይሰጣል። ሁለቱን ለየብቻ የጻፈ ልጅ የሚቀረው አቀማመጡን መማር ብቻ ነው፤ በግራ የሚቀመጠው ክፍል ጠበብ ብሎ ለጎረቤቱ ቦታ ይለቃል። ጥንቃቄው እስከ ጭረት ርዝመት ይደርሳል፤ «አፈር» የሚለው ባለ ሦስት ጭረት ፊደል የታችኛው አግድም ከላይኛው ካጠረ «ምሁር» ወደሚል ሌላ ፊደል ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቻይና ሥርዓተ ትምህርት መስፈርት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ልጆች ወደ 1600 ፊደላት እንዲያነብቡ፣ ከእነዚህ ግን 800 ያህሉን ብቻ እንዲጽፉ ይጠይቃል። ስድስተኛ ክፍል ሲጨርሱ ቁጥሩ 3000 እና 2500 ይደርሳል። በእኔ አመለካከት ከዘዴው ሁሉ ብልህነት የሚታይበት ይህ ልዩነት ነው፤ ልጁ ውስብስብ ፊደላትን አንብቦ መረዳት ሲጀምር፣ እጁ ገና በቀላሎቹ ላይ ይለማመዳል።

የቤት ሥራው በአብዛኛው አንዱን ፊደል ደጋግሞ መገልበጥ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ ሦስተኛው ካሬ ላይ ሲደርስ የሚገለብጠው ሞዴሉን ሳይሆን ራሱ አሁን የጻፈውን ይሆናል፤ ስሕተቱም እስከ መሥመሩ መጨረሻ አብሮት ይሄዳል። ሞዴሉን አይቶ፣ ሸፍኖ፣ ከትውስታ ጽፎ ማመሳከር ከገጽ ሙሉ ግልበጣ ይሻላል። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የቃል ጽሕፈት የሚጠቅመውም የሚያዩት ነገር ስለሌለ ነው።

ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እርሳሱ በብዕር ይተካል፤ በብሩሽና በቀለም የሚጻፈው ቁም ጽሕፈትም ይጀመራል።

ዛሬ ብዙ ቻይናውያን በስልካቸው የሚጽፉት እ.ኤ.አ. በ1958 በጸደቀው ፒንዪን፣ ማለትም ንባቡን በላቲን ፊደል አስገብተው ከሚመጡት አማራጮች በመምረጥ ነው። በዚህ ምክንያት የሚያነብቡትን ፊደል በእጅ መጻፍ የሚያቅታቸው ሰዎች በርክተዋል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ልምምዱን አልተዉም፤ ጋኦካኦ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም በአብዛኛው ከ800 ፊደላት የማያንሰው የቻይንኛ ድርሰት እስከ አሁን የሚጻፈው በእጅ ነው።