ፓወር ሰፕላዩ ለምን ያፏጫል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው የስልክ ሰዓታችን ስለ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ቮልቴጁን የሚያስተካክል) እና ስለ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር (በዚያው ዘዴ ድምፅ የሚያጎላ) ጠይቃችኋል። የሚመልሱላችሁ በጥገናም በማስተማርም ረጅም ዓመት የሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ናቸው።

አድማጭ ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ኤረር አምፕሊፋየር የሚሉት ምንድን ነው? ሰርኪዩቱንስ ለምን ያስጮኸዋል?

መልስ፦ ቅድም መስመር ላይ ስትገባ ያንን ጩኸት ሰማህ? ሬዲዮህን ሳትቀንስ ደውለህ ነው። ድምፅህ በስልክ እኛ ጋ መጣ፣ በሬዲዮ ወጣ፣ ዞሮ በስልክህ ገባ። ዘግይቶና ጎልቶ ሲመለስ ጮኸ። ኤረር አምፕሊፋየር የሚወጣውን ቮልቴጅ ከሪፈረንስ፣ ማለትም ከማይለወጥ መነሻ ቮልቴጅ፣ ጋር ያስተያያል፤ ቲኤል 431 በሚባለው ቺፕ ላይ ሪፈረንሱ 2.5 ቮልት ገደማ ነው። ከበለጠ ቀንስ ይላል፣ ካነሰ ጨምር። ትእዛዙ ግን በኮይሉና በካፓሲተሩ አልፎ እስኪደርስ ይዘገያል። ከመዘግየቱ የተነሳ “ቀንስ” ያለው መጨመር በሚያስፈልግበት ሰዓት ከደረሰ ሰርኪዩቱ ራሱን ማወዛወዝ ይጀምራል። አንተን “ሬዲዮህን ቀንስ” አልንህ አይደል? ዲዛይነሩም ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ የኤረር አምፕሊፋየሩን ጉልበት ይቀንሳል። ኮምፔንሴሽን የሚባሉት እነዚያ ትንንሽ ሬዚስተርና ካፓሲተሮች ሥራቸው ይኸው ነው።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ የ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ላይ ያበጠውን ካፓሲተር አውጥቼ ምርጡን ፖሊመር ገጠምኩ። ልኩ ያው 1000 ማይክሮ ፋራድ ነው። አሁን ሎድ ሲጨመርበት ያፏጫል።

መልስ፦ ያስጮኸው ምርጡ ነዋ! የድሮው ካፓሲተር የውስጥ ሬዚስተንስ፣ ኢኤስአር የሚባለው፣ 50 ሚሊ ኦም ነበር እንበል። ከ3 ኪሎ ኸርዝ ትንሽ አለፍ ብሎ ጀምሮ መዘግየቱን ያቃልል ነበር፤ ዲዛይነሩም ያንን ቆጥሮ ሠርቷል። ፖሊመሩ 10 ሚሊ ኦም ከሆነ እርዳታው የሚደርሰው 16 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ሉፑ፣ ያ የትእዛዝ ዙር፣ መወዛወዝ ጀምሯል። 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ደህና ኤሌክትሮሊቲክ መልሰህ ግጠም። ስትከፍተው ግን ትልቁን ባለ 400 ቮልት ካፓሲተር መጀመሪያ በሬዚስተር ዲስቻርጅ አድርገው፤ በካቻቢቴ አይደለም! ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም 310 ቮልት ይዞ ሊጠብቅህ ይችላል። ስትሞክረው ደግሞ ከሶኬቱ ጋር በተከታታይ በገጠምከው የድሮ አምፖል በኩል አብራው።

ተማሪ ከጅማ፦ ለኮምፔንሴሽኑ ታይፕ 2 ልጠቀም ወይስ ታይፕ 3?

መልስ፦ እንደ ዩሲ 3842 ቺፕ በከረንት ሞድ፣ ማለትም የኮይሉን ከረንትም እያየ፣ የሚሠራ ከሆነ ታይፕ 2 ይበቃሻል። ቮልቴጅ ሞድ፣ ማለትም ቮልቴጁን ብቻ የሚያይ፣ ሆኖ የካፓሲተሩ ኢኤስአር ትንሽ ከሆነ መዘግየቱን የበለጠ የሚያቃልለው ታይፕ 3። ስዊቺንጉ 100 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ ክሮስኦቨሩን፣ ሉፑ የማረም ጉልበቱ የሚያልቅበትን ፍሪኩዌንሲ፣ 10 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ አድርጊው፤ ትእዛዙን በብርሃን የሚያሻግር ኦፕቶካፕለር ካለ ከዚያም ዝቅ። ፌዝ ማርጂን፣ ከመወዛወዝ የሚያርቅሽ ትርፍ፣ ከ45 ዲግሪ አይነስ፤ እኔ 60 ነው የምወደው። መለኪያው ከሌለሽ ሎዱን ድንገት ከግማሽ ወደ ሙሉ አድርጊና ቮልቴጁን በኦሲሎስኮፕ እዪ። አንዴ ተወዛውዞ ከረጋ ደህና ነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ከተወዛወዘ ወደ ወረቀትሽ ተመለሺ።

አድማጭ ከባሕር ዳር፦ ለሰርግ የማከራየው ክላስ ዲ አምፕ ድምፁ ሻከረ። ችግሩ ከፊድባኩ፣ የሚወጣውን ወደ መግቢያው ከሚመልሰው መስመር፣ እንደሆነ ለማየት የፊድባኩን ሬዚስተር ነቅዬ አበራሁት። “ዱብ” አለና ስፒከሩ ጨሰ። ምኑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ወንድሜ እንዳትቀየመኝ፣ ስፒከሩን ያቃጠልከው አንተ ነህ። “ፊድባኩን ነቅለህ ሞክር” የሚለውን ምክር ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምለው አለኝ። እንደ አይአርኤስ 2092 ባሉ ቺፖች በተሠሩ አምፖች ላይ ስዊቺንጉን ራሱን የሚፈጥረው ፊድባኩ ነው። ስትነቅለው መቀያየሩ ይቆምና አውትፑቱ አንዱ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰፕላይህ ፕላስና ማይነስ 50 ቮልት ከሆነ ያ ሁሉ ዲሲ ስፒከሩ ላይ አረፈ ማለት ነው። 8 ኦም የተባለው ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ኦም ገደማ ነው፤ 8 አምፒር አለፍ ይላል፣ ከ400 ዋት በላይ ሙቀት። ኮኑ ደግሞ አንድ ቦታ ተገትሮ ስለሚቀር አየር እንኳ አያበርደውም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ብታደርገውማ ይብሳል፦ ኤረር አምፕሊፋየሩ ምንም የማይወጣ መስሎት ጨምር፣ ጨምር ይላል፣ ባለ 16 ቮልቱ ካፓሲተር ፊትህ ላይ ይፈነዳል።

ፊድባክ ከጠረጠርክ አጥፍተህ፣ ዲስቻርጅ አድርገህ፣ ሬዚስተሩን በቴስተር ለካ። ከዚያ ስፒከሩን ነቅለህ በቦታው 8 ኦም ባለ 100 ዋት ሬዚስተር አስገባ። ከሶኬቱ ጋር በተከታታይ ክሩ የሚታየውን የድሮ 100 ዋት አምፖል ግጠም፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ሲበራ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ፤ ደምቆ ከቀረ አጥፋ። አውትፑቱ ላይ ዲሲ ለካ፤ ጥቂት አሥር ሚሊ ቮልት ካየህ ብቻ ስፒከር። የኦሲሎስኮፕ የኧርዝ እግር ቆርጣችሁ ሆት ሳይድ፣ ከሶኬቱ ኤሌክትሪክ ያልተለየውን በኩል፣ የምትለኩም እየሰማችሁኝ ነው፤ የኦሲሎስኮፑ ብረት ራሱ ይገድላል። ስለ እናንተ ሌላ ቀን።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ቲኤል 431 ላይ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ብጨምር ይረጋጋል?

መልስ፦ ሊያስጮኸውም ይችላል። ዳታሺቱ ላይ የትኛው ልክ እንደሚያወዛውዘው በግራፍ አለልሽ፤ ሳታይ አትጨምሪ።

አድማጭ ከደብረ ብርሃን፦ እናቴ የሚተነፍሱበት የኦክስጅን ማሽን ፓወር ሰፕላዩ ማፏጨት ጀምሯል። ካፓሲተሩን ራሴ ብቀይረውስ?

መልስ፦ አይሆንም ልጄ። አሁኑኑ ስልኩን ዝጋና ለሐኪማቸው ደውል፤ ሌላ ኦክስጅን ይዘጋጅላቸው። ማሽኑን የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ይክፈተው። አንተ አምፖልም አታምጣ፣ ቴስተርም አታንሳ።