ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈሩት የት ነው? በስንት ሰዓት?

[ምስል፦ ደሴ ከላይ ስትታይ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ዳገቱን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።]

በፈረቃ የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የጠዋቱ ፈረቃ ይወጣል፣ የከሰዓቱ ይገባል። የጠዋቱ መምህር የእጁን ቾክ አራግፎ ወደ ምሳው አቅንቷል፤ የከሰዓቱ ገና ታክሲ ላይ ነው። ጥበቃው መታወቂያ ያያል። በዚያ ግርግር መሐል አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሃያ ብር ይወስዳል። አይቀማም። ትከሻውን አቅፎ "አበድረኝ" ነው የሚለው። ከሩቅ ላያቸው ጓደኛሞች ናቸው። ነገም ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም።

ስለ ተማሪዎች ደኅንነት ስንነጋገር ቶሎ የሚቀናን ጥያቄ "ማነው አጥፊው?" የሚል ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። የት? በስንት ሰዓት? ስም ስንጠይቅ ልጆች አፋቸውን ይዘጋሉ፣ ቃላቸው ዞሮ እነሱኑ እንደሚያስመታቸው ያውቃሉና። ቦታና ሰዓት ስንጠይቅ ግን ይናገራሉ።

[ምስል፦ ኳስ ሜዳ ላይ የሚጨቃጨቁ ሁለት ልጆች፤ ቀጥሎ አንድ ልጅ በአራት ልጆች ተከቦ።]

አስቀድመን ጠብን ከማሸማቀቅ እንለይ። ኖርዌይ ውስጥ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል። ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ነው፣ ይደጋገማል፣ በአድራጊውና በተደራጊው መካከል የአቅም ልዩነት አለ። ሁለት እኩዮች "ጎል ነው፣ አይደለም" ብለው ቢቧቀሱ ጠብ ነው፤ ማታ ይረሱታል። ሁለተኛው ሥዕል ላይ ያለው ልጅ ግን ማታም አይረሳውም፤ ነገ ጠዋት እንደሚደገም ያውቃል።

አቅም ስንል ጡንቻ ብቻ የሚታየን ከሆነ እኛ አገር ያለው ነገር ግማሹ ያመልጠናል።

ደሴ ከዙሪያዋ ወረዳዎች ብዙ ልጆች ለትምህርት የሚመጡባት ከተማ ናት። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው ከቤት ይላካል፤ እንጀራው ሲያልቅ ድርቆሽ ይበላል። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ አባት የላቸውም፣ ታላቅ ወንድም የላቸውም፣ "ሰፈሬ ሆጤ ነው" ብለው የሚያስፈራሩበት ሰፈር እንኳ የላቸውም። አነጋገራቸው፣ ጫማቸው፣ የደብተር መያዣ ፌስታላቸው ሁሉ ሙድ መያዣ ይሆናል። የሚሸማቀቀው ልጅ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ከኋላው ማንም እንደሌለ ስለታወቀ ነው።

የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆችም እንዲሁ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ራሳቸውን ሲያዳርስ ነዋሪው መሰደድ ምን እንደሆነ በገዛ እግሩ አይቶታል። ከሌላ አካባቢ ለተፈናቀለ ልጅ ያቺ ከተማ ውስጥ "ተፈናቃዩ" የሚል ቅጽል ስም ሲወጣለት መስማት ያስደነግጣል። ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ለከፋው አለ፤ ከግቢው በር ጀምሮ ባጃጅ መያዣው ድረስ ይከተላቸዋል። የሚንተባተብ፣ የሚያነክስ፣ ዓይኑ የሚደክም ልጅም አለ። ዝርዝሩን እዚህ ላቁመው።

ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ተሸማቅቋል ይላል። ቁጥሩ የዓለም እንጂ የደሴ አይደለም። ግን ስልሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አስቡት፦ ሃያ ልጅ ማለት ነው።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት ላይ በእጅ የተሳለ የትምህርት ቤት ግቢ። ቀይ እስክሪብቶ።]

ታዲያ ምን ይደረግ? ወጪው ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ ብቻ የሆነ ሥራ አለ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ ይውሰዱ። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይቀመጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ግቢውን ይሳል፦ በሩን፣ መማሪያ ክፍሎቹን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሜዳውን፣ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለውን ጥግ፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደውን ኮረኮንች። ከዚያ ብቻውን መሄድ የማይፈልግበትን ቦታ በቀይ ያክብብ፤ አጠገቡ ሰዓቱን ይጻፍ። የራስን ስም መጻፍ የለም፣ የሌላ ሰው ስም መጻፍም የለም።

ወረቀቱን የክፍል አለቃው አይሰብስብ። ይህን በቀልድ እያልኩ አይደለም። የክፍል አለቃ ማለት "የረባሽ ስም" የሚመዘግብ ልጅ ነው፤ ስም የሚያስገባና የሚሰርዝ ልጅ ደግሞ ሥልጣን አለው። አንዳንዱ ስም ለመሰረዝ ማስቲካ ያስገዛል፣ አንዳንዱ የቤት ሥራ ያሠራል። ካርታው የሚያሳየው ነገር እሱን ራሱን ሊመለከት ይችላል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከተማሪው እጅ ወደ መምህሩ ኤንቬሎፕ ይግባ።

ወረቀቶቹ ሲደራረቡ ቀዩ ቀለም ቦታ ይመርጣል። ሽንት ቤቱ ላይ፣ አራት ሰዓት እረፍት ላይ ሃያ ክበብ ቢያርፍ፣ ሄዳችሁ በሩን እዩት፤ መቀርቀሪያው ተነቅሎ ይሆናል። መቀርቀሪያ የሌለው ሽንት ቤት ያለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ጠዋት ውኃ ሳትጠጣ ትመጣለች፤ እስክትወጣ ድረስ ለመታገሥ። እንግዲህ "ጥቃትን በጋራ እንከላከል" የሚለው ባነር የታተመበት ገንዘብ ስንት መቀርቀሪያ ይገዛ ነበር?

ቀዩ የፈረቃ መለዋወጫው ላይ ከወደቀ መልሱ ተረኛ መምህር ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ተረኛ አለው፤ ግን ተረኛው የሚቆመው ሰንደቅ ዓላማው ጋ ነው፣ ሁሉም ሰው በሚታይበት፣ ምንም በማይደረግበት ቦታ። ካርታው ወደ ጓሮ ይወስደዋል። መምህራን የሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜ ብዛትና የደመወዛቸው ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ለዚህ ነው ተረኝነቱ ቀኑን ሙሉ እንዲሆን የማንጠይቀው። ካርታው በነገረን ቦታ፣ ካርታው በነገረን ሩብ ሰዓት፤ በቃ።

[ምስል፦ ከበው የቆሙ ተማሪዎች። አንዷ ወደ መሐል ትገባለች።]

መምህር በሌለበት ደግሞ ተማሪ አለ። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ በካሜራ የተደረገና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በ88 በመቶው አጋጣሚ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ እንደነበር መዝግቧል። ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። የገቡ ጊዜ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው፣ ማለትም በ57 በመቶው፣ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል።

ተማሪዎች፣ ይህ ጀግና ሁኑ ማለት አይደለም። ከጉልበተኛው ጋር አትጋጠሙ። የተከበበውን ልጅ እጁን ይዛችሁ "ና፣ ቲቸር እየጠራህ ነው" ብላችሁ ውሰዱት። ውሸት ናት፤ የማትጎዳ ውሸት። ቀጥሎ በእርግጥ ወደ ቲቸር ውሰዱትና እውነት አድርጓት።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን። ማታ።]

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ተዘግቷል፤ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ግን ክፍት ነው። የአንድ ልጅ ፊት ተቆርጦ ስቲከር ሆኗል። በአንዲት ተማሪ ስም የሐሰት አካውንት ተከፍቷል። ስልክ ወደ ግቢ እንዳይገባ መከልከል ለዚህ አይደርስለትም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ማስፈራራትን፣ በተደጋጋሚ መልእክት እየላኩ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን በአንቀጽ 13 ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ የተሰደበው ልጅ መልእክቱን አያጥፋው። ቀኑና የአካውንቱ ስም እንዲታይ አድርጎ ስክሪንሹት ያንሳ፣ ለሚያምነው ትልቅ ሰው ያሳይ። አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ያዙ፦ ምስሉ ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ እርቃን ከሆነ ለማስረጃ ብላችሁም አትቅዱ፣ ለማንም አታስተላልፉ። ስልኩን ይዛችሁ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ።

[ምስል፦ የምክትል ርዕሰ መምህር ቢሮ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመዋል።]

አሁን ልጁ ደፍሮ ተናገረ እንበል። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱም ይጠራሉ። "በል አንተም ተው፣ አንተም ቻል። ተቃቀፉ!" ይተቃቀፋሉ። ፋይሉ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ወሎዬ ተመልካቾቼ ይቀየሙኝ ይሆናል። በእርቅ የሚኮራ አገር ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ሽምግልና የሚያምረው ሁለቱም ወገን "እምቢ፣ አልታረቅም" ማለት ሲችል ነው። ሃያ ብሩን በየቀኑ የሚገብረው ልጅ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ያቀፈው ፈርቶ ነው፤ ያኛውም ያቀፈው እየሳቀ። ከቢሮው ሲወጡ ማን እንዳሸነፈ ሁለቱም ያውቁታል።

ለየብቻ ስሙአቸው። መጀመሪያ የተጎዳውን። በልጁ ቃል ጻፉት፣ በእናንተ ቃል አይደለም። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግና ማን ማን እንደሚያውቅ ሳትነግሩት አታሰናብቱት፤ ልጁን የሚያስጨንቀው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ጉልበተኛውን ስትጠሩ "ሥነ ምግባር የለህም" የሚለው አጠቃላይ ስብከት አይጠቅምም። ያደረገውን ጥቀሱለት። የወሰደውን ብር ይመልስ። ለተወሰነ ጊዜ የማይቆምበትን ቦታ ንገሩት። የክፍል አለቃ ከሆነ ኃላፊነቱ ይነሣ። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለም ጠይቁ፤ እቤቱ የሚገረፍ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገርፈው ይፈልጋል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን የተጎዳውን ልጅ ኮሪደር ላይ አግኝታችሁ "እንዴት ነው?" በሉት። በሁለተኛው ሳምንትም እንደገና።

አለንጋውንስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይከለክላል። አልፎም "ትልቅ ትንሹን መምታት ይችላል" የሚለውን ትምህርት ጉልበተኛው ቀድሞ ያውቀዋል፤ ዳግም ማስተማር አያስፈልገውም።

[ምስል፦ ሰኞ ገበያ። ከገጠር የመጡ ወላጆች እህል አራግፈው።]

"ወላጅ አምጣ" የሚባለውም ነገር አለ። ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ወላጅ ማምጣት የአንድ ቀን መንገድና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ስለዚህ አጎት ይከራያል፤ ሻይ ቤት ያገኘውን ሰው "አጎቴ ነው" ብሎ ይዞ ይመጣል፤ መምህሩም እየጠረጠሩ ይፈርማሉ። ግን ደሴ ሰኞ ትልቅ ገበያ አላት። የብዙዎቹ አባትና እናት ሰኞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው! የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ የወላጅ ሰዓቱን ሰኞ ከሰዓት ቢያደርግ ከስንት ደብዳቤ ይሻላል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ወላጅ ፈረቃውን ተከትሎ ነው የሚገኘው፣ ምናልባትም እሑድ። አከራዮችንም አትርሱ። ልጁ ሁለት ቀን ከቤት አለመውጣቱን ቀድመው የሚያዩት እትዬ ናቸው።

ወላጆች፣ "ማን ነካህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ዛሬ እረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርክ?" በሉት። መልሱ ለሳምንት "ብቻዬን" ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ የባጃጅ ብር እየወሰደ በእግሩ የሚመጣ ከሆነ፣ የክፍሉን ኃላፊ መምህር አነጋግሩ።

[ምስል፦ ካርታው እንደገና። አሁን የመምህራን ቢሮዎች ይጎላሉ።]

ካርታውን በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ድገሙት። ቀዩ ከሽንት ቤቱ ወደ ውጭው መንገድ ተዛውሮ ከሆነ ጉዳዩ የቀበሌና የአካባቢው ፖሊስም ነው።

ቀዩ ቢሮ ላይ ቢያርፍስ? የሆነ መምህር ለብቻ "ደብተር ይዘሽ ነይ" የሚልበት ክፍል ላይ? ያኔ ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይታይም፣ ሽማግሌም አይላክበትም። ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያና ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሄዳል፤ የወንጀል ሕጉ ተጠቂዋ የአጥፊው ተማሪ ስትሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ተደፍራ ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ልብሷን አትቀይር፣ አትታጠብ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ትሂድ። አብሯት የምትሄደው የምታምናት ሴት መምህርት ማን እንደሆነች ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ከመስከረም ጀምሮ በስም ይወቅ።