ወሰን ሲገፋ፣ ደም ሲፈላ

(ምስል፦ ቢቸና አካባቢ፣ የታረሰ ማሳ፣ በሁለት እርሻ መሃል ያለ ወሰን)

አያ፣ ጎረቤትዎ ሲያርስ ወሰን ገፋብዎት እንበል። አንድ ትልም ናት። ግን ደምዎ ፈላ። ልብዎ ድው ድው ይላል፤ እጅዎ ዱላውን ጨበጠ።

ያኔ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ሰውነት «ጠብ መጣ» ብሎ ስንቁን ያወጣል። ስንቁ ስብ ነው፤ ከተከማቸበት ወጥቶ ደም ውስጥ ይገባል። ቢሮጡ ወይም ቢታገሉ ጡንቻ ያቃጥለው ነበር። እርስዎ ግን እየተብሰለሰሉ ቤት ገብተው ተቀመጡ። የተረፈውን ጉበት ይሰበስበውና ኮሌስትሮል ከሚባል ስብ መሰል ነገር ጋር ጭኖ መልሶ ወደ ደም ይልከዋል። ስቡ በየመንገዱ ሲራገፍ የሚቀረው ኤልዲኤል ነው፤ ሲበዛ የደም ሥር የሚያጠበው፣ መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለው።

(ምስል፦ ቢሮ፣ የወረቀት ክምር)

እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሪድማንና ሮዘንማን የተባሉ አሜሪካውያን የልብ ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ። 40 ወንድ የሒሳብ ሠራተኞችን ለወራት ተከታትለው ደማቸውን መርምረዋል። የግብር ማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ኮሌስትሮላቸው ወጣ፤ ሲያልፍ ወረደ። ያ የሥራ ውጥረት ነው፣ ቁጣ አይደለም። ሆርሞኖቹ ግን እነዚያው ናቸው።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ቂሙ ነው። የአንድ ቀን ንዴት ይበርዳል። ቂም ግን አልጋ ድረስ ይከተላል። ያቺን ትልም ባሰቡ ቁጥር ሰውነት ጠቡ አሁን ያለ ይመስለዋል። ከዚያ አረቄው ይመጣል፣ ሲጋራው ይጨመራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አረቄ ሲበዛ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ስብ ከፍ ያደርጋል። ሲጋራ ደግሞ ጥሩውን ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤልን ያወርዳል። የወንዶች ኤችዲኤል ድሮም ከሴቶች ዝቅ ያለ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የቁጣ ነው እያልኩ አይደለም። ዘር አለ፣ ቅቤ አለ፣ ውፍረት አለ።

(ምስል፦ ዋርካ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች)

ስለዚህ እባክዎ ሽማግሌ መላኩን አያዘግዩት፤ ክረምት እስኪወጣ አይጠብቁ። ኮሌስትሮል ሲወጣ አያምም፣ አያተኩስም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ በጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ ይመርመሩ። ጠቅላላው ኮሌስትሮል በዴሲ ሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ደግ ነው። ካለፈ ሐኪሙ ስለ ቅቤው ይጠይቅዎታል። እርስዎ ስለ ወሰኑም ይንገሩት።