ከእማዬ አጥር የመጣ ቅንጭብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ግቢዬ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። የድሬ ሙቀት አሁን ገና በረድ ማለቱ ነው። ፊት ለፊቴ ቅንጭብ የሚባለው ተክሌ አለ። ስለሱ ላውራችሁ።

ያደግኩበት ሰፈር ቅንጭብ አጥር ነበር። ለውበት ብሎ የሚተክለው አላየሁም። እማዬ ግቢዋን በብሎኬት ስታሳጥር ተነቅሎ ተጣለ። አላስችል አለኝና ክንድ የምታህል ቅርንጫፍ ልወስድ ሄድኩ።

ያን ቀን ጉድ ሆንኩ። ስቆርጠው ነጭ ወተቱ ጣቶቼን አራሰው። ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ፊቴ ሰደድኩ። ወይኔ ዓይኔን! ፍም የገባበት ነው የመሰለኝ። እማዬ ጎትታ ቧንቧ ስር አጎነበሰችኝ። «አትሺው! አትሺው ልጄ!» እያለች ብዙ ውሃ አፈሰሰችበት። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ሁለት ቀን ሙሉ ብርሃን ማየት አቃተኝ። እባካችሁ፣ ስትቆርጡት ጓንትና መነጽር አድርጉ። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ።

ቅርንጫፏን ወዲያው አልተከልኳትም። ቁስሏ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አስተኛኋት። እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ከዚያ ስሩ የተበሳ ጣሳ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር፣ በቃ። ውሃ የማጠጣው አፈሩ እስከ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ተክል ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን የኛ ርኅራኄ ነው፤ በየቀኑ ውሃ።

ቅጠል የለውም ማለት ይቻላል። ጫፉ ላይ ጥቃቅን ቅጠሎች ብቅ ይሉና ቶሎ ይረግፋሉ። ምግቡን ከፀሐይ የሚሠራው እንደ እርሳስ የቀጠኑት አረንጓዴ ቅርንጫፎቹ ናቸው። ለዚህ ነው በጋ ከክረምት አረንጓዴ የሚሆነው። ቁልቋል የቅርብ ዘመዱ ነው። ጉሎና ብሳናም በሩቁ ይዛመዱታል። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ለካ ዘመዶቹን ሁሉ በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ።

አሁን ቁመቱ በልጦኛል። ማታ መብራት ሲበራ ጥላው ግድግዳው ላይ ይዘረጋል። ያቺን ሰዓት በጣም ነው የምወዳት።

ባለፈው እሁድ እማዬ መጣች። ቆማ አየችው። «ይሄ የኔ አጥር አይደለም እንዴ?» አለች። ወንበሯን አስጠግታ ቡናዋን እዚያው ጠጣች። ልትሄድ ስትል፣ «እስቲ አንድ ቅርንጫፍ ቁረጪልኝ» አለችኝ።

ጓንቴን ላመጣ ገባሁ።