ጨዋታው ልጁን ይጠብቀው
(በጎንደር ለመዋዕለ ሕፃናት ወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አያቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? የቅዳሜ ገበያችሁን አዘግይታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ ስልክ፣ በስልኩም ለትንንሽ ልጆች ስለምንከፍተው ጨዋታ ነው። ስልክ አትስጡ ልላችሁ አልመጣሁም። እናት እንጀራ ስትጋግር፣ ልጅ ምጣዱ ሥር እየሄደ ሲያስቸግራት፣ ስልኩን አቀብላው ብትገላገል አልፈርድባትም። እኔም አድርጌዋለሁ። ከሰጠን አይቀር ግን ምን እንደምንሰጥ እንወቅ።

መጀመሪያ ዕድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመከርም። የ1 ዓመት ልጅም እንዲሁ ነው። 2 ዓመት ሲሞላው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። ስለዚህ ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ያላችሁ፣ የዛሬውን ወሬ ለከርሞ ያዙት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ 2 ዓመት ተኩል ነው። «ቁጥር ያስተምራል» የተባለ ጨዋታ ጫንኩለት። ስክሪኑ ላይ አራት ፊኛ ይመጣል፣ በየፊኛው ላይ ቁጥር አለ፣ «ሦስትን ንካ» ይላል። በሳምንቱ ጎበዝ ሆነ። ኮከብ ይዘንባል፣ ጭብጨባ ይሰማል፣ እኛም አብረን እናጨበጭባለን። አንድ ቀን ባቄላ ስለቅም መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። «እስቲ ሦስት ባቄላ ስጠኝ» አልኩት። እፍኙን ሙሉ ዘግኖ ሰጠኝ።

ደነገጥኩ። ማታ ሲጫወት ጣቱን አየሁት። ለካ አራቱንም ፊኛ በየተራ ነው የሚነካው! ቢሳሳት ምንም አይመጣበትም። አንዱ መቼም ትክክል ይሆናል፣ ኮከቡም ይዘንባል። በሳምንት ውስጥ የተማረው መነካካት ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ጨዋታ ልጁን ይጠብቀዋል ወይ? ጥሩው ጨዋታ አንድ ነገር ይጠይቅና ዝም ይላል። ልጁ ያስባል። ሲሳሳት ቀስ ብሎ ይደግምለታል። ሰዓት አይቆጥርበትም። ሲያልቅም ያልቃል፣ ልጁም «በቃ» ማለት ይችላል። መጥፎው ደግሞ ይጮሃል፣ ይብለጨለጫል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይጀምራል። ስልኩን ስንቀበለው ልጁ መሬት ላይ ተንከባሎ የሚያለቅሰው ብዙ ጊዜ በዚህኛው ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ልጁ ከተኛ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ራሳችሁ ተጫወቱት።

ማስታወቂያም አለ። የ2 ዓመት ልጅ የቱ ጨዋታ፣ የቱ ማስታወቂያ እንደሆነ አይለይም። ያገኘውን ይነካል፣ ሄዶ ሄዶ ለልጅ የማይሆን ነገር ይከፈትለታል። ፓኬጃችሁንም ይበላዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዳታውን አጥፉና ጨዋታውን ክፈቱት። ካልሠራ ጨዋታውን ከስልኩ ሰርዙት። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ለሚያስለቅስ ጨዋታ ቦታ አይኑረን። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ልጁ ከከፈታችሁለት ጨዋታ እንዳይወጣ መቆለፊያ አለ።

የትኛውን እንጫን ለምትሉኝ፣ ካን አካዳሚ ኪድስ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ችግሩ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ፊድ ዘ ሞንስተር የሚባለው በአማርኛም አለ፤ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ፊደሉን ለጭራቁ ያበላል። ግን ፊደል መቁጠር ለደረሰ ልጅ እንጂ ለ2 ዓመት ልጅ ገና ነው።

ቋንቋው ምንም ይሁን ምን፣ የኛ አፍ ከጎኑ ካልሆነ ልጁ ብዙ አይዝም። ስክሪኑ ላይ አህያ ሲያይ «ቅዳሜ ገበያ እህል ተሸክማ ያየናት አይደለች?» በሉት። ሦስት ሲነካ ሦስት ባቄላ አስቆጥሩት። የእህቴ ልጅ ቁጥር የያዘው እንዲህ ነው፣ በባቄላ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ «አኩኩሉ!» በሉት። «አልነጋም!» ብሎ ከመጋረጃው ኋላ ሲደበቅ መጠበቅንም፣ ተራንም ይማራል።

አሁን ቡናው እየተፈላ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። ልጆቻችሁ የሚጫወቱትን አብረን እንክፈተው፣ ዳታውን እናጥፋና እንየው።